ባለ ሦስት ጎማዋ ጣውንት

ኮሊን ፓስኮ ሞተር ብስክሌቱን ሊሸጥ ቆርጦ የተነሳ ዕለት፣ ሚስቱ ሜሪል ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ ያቺን ባለ አራት ሲሊንደር አሮጌ ሆንዳ «ጣውንቴ» እያለች ስትጠራት ኖራለች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰውየው ከጣውንቷ ጋር ጓሮ ነው የሚውለው። ከቆርቆሮ ጋራዡ ሲወጣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ የምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ብሎንና ዳዶ ተበትኖ ያገኘችበት ቀን ብዙ ነው። እሷ ራሷ አንድም ቀን ከኋላው ተፈናጥጣ አታውቅም። «አራት ጎማ የሌለው ነገር ላይ አልወጣም» ብላ በሙሽርነቷ የተናገረችውን እስከ ሽበቷ አጽንታዋለች።

ባለፈው በጋ ግን ኮሊንን ስትሮክ መታው። አንደበቱም ክንዱም ተመለሱለት፤ ግራ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አለ። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ወደ ሙንታ ከተማ የሚያልፉትን ስንዴ የጫኑ መኪኖች ማየት ሆነ ሥራው።

«ሂጂና ፎቶ አንሺልኝ» አላት አንድ ጠዋት። «ኢንተርኔት ላይ ላውጣት። ቆማ ከምትዝግ የሚነዳት ሰው ይውሰዳት።»

ሜሪል ጋራዥ ገብታ ሸራውን ገለጠች። ኮሊን ቀለሙን ራሱ የቀባው፣ እንደ በሰለ የፕለም ፍሬ የጠቆረው የቤንዚን ታንክ አለ። በገዛ እጁ የሰፋው ወንበር አለ። ዝቅ ብሎ ለመንዳት ብሎ አሳጥሮ የቀየረው መሪ አለ። ስልኳን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው። ጣውንት ስትሄድ እልል ይባላል፤ እሷ ግን ሸራውን መልሳ አለበሰቻት። ፎቶውን ትታ በጓሮ በኩል ጎረቤታቸው ዋሪክ ዘንድ ሄደች።

ዋሪክ ዕድሜውን በብየዳ ያሳለፈ፣ አሁን ዶሮ የሚያረባ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው።

«ዋሪክ፣ አንድ እግሩ የማይታዘዘው ሰው ሞተር መንዳት ይችላል?»

«ሞተሯ ካልወደቀች ይችላል። እንዳትወድቅ ደግሞ ሦስተኛ ጎማ ማብቀል ነው» አለና ወደ ዶሮዎቹ ቤት ወሰዳት። ጥግ ላይ፣ ከሞተር ጎን የሚገጠም ባለ አንድ ጎማ አሮጌ ጋሪ ተቀምጧል። በወንበሩ ላይ ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። «ይህቺ እመቤት ስትጨርስ ውሰጂው።»

ጋሪው ሲመጣ ኮሊን ከበረንዳው በምርኩዝ ወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጎን ጋሪ» አለ ዋሪክ።

«የዶሮ ቤት ነው እንጂ! ደግሞ ጋሪ ያለው ሞተር የሚነዳው ሽማግሌ ነው።»

«አንተ ማን ነህ ታዲያ፣ ጎረምሳው?»

ኮሊን አኩርፎ ገባ። ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ግን ዋሪክ ብረት ሲቀጠቅጥ ሰምቶ አላስችል አለው። «እዚያ ጋ ከበየድክ ፍሬሟን ታጣምማታለህ፣ አንተ ቀጥቃጭ!» እያለ ጋራዥ ገባ፤ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠና አዛዥ ሆነ።

ክረምቱን እንዲህ ከረሙ። ዋሪክ በየደ። ሜሪል ቤንዚኑን ከአየር የሚያቀላቅሉትን አራቱን ካርቡሬተሮች ወጥ ቤት አስገብታ፣ የመርፌ ዓይን የምታክለውን ቀዳዳ ሁሉ በቀጭን ሽቦ ጠረገች። ኮሊን ከአጠገቧ ሆኖ «ቀስ! ቀስ! የሕፃን ጆሮ ነው ብለሽ አስቢ» ይላታል። እሷም «ይሄን ያህል ለእኔ አስበህ ታውቃለህ?» ትለዋለች።

ሞተሯ ተነሳች። የማርሹ ነገር ግን አስቸገረ። ማርሽ ለመጨመር የግራ እግር ጣት ከመርገጫው ሥር ገብቶ ወደ ላይ ማንሳት አለበት፤ የኮሊን እግር መጫን እንጂ ማንሳት አይችልም። ደጋግሞ ሞከረ፣ አቃተው። በመጨረሻ መፍቻውን ግድግዳ ላይ ወረወረና «ትሸጥ ብዬ ነበር!» ብሎ ወጣ።

ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት ቆሞ የሻይ ቅጠል ሊደፋ የቆሻሻ መጣያውን ክዳን በእግሩ ሲከፍት ሜሪል አየችው። በግራው ነበር፣ በተረከዙ።

«እስቲ ድገመው።»

«ምኑን?»

«ክዳኑን ክፈት።»

«አብደሻል እንዴ?» ቢልም ተጫነ፤ ክዳኑ ተነሳ።

«ለማርሹም ከኋላ ሌላ መርገጫ ብናበቅልለትስ? በፊተኛው ስትጫን ይቀንሳል፣ በኋለኛው በተረከዝህ ስትጫን ይጨምራል። የምታነሳው ነገር አይኖርም።»

ኮሊን እግሩን አየ፤ ከዚያ እሷን። «ይሄ ጭንቅላት እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«ያንተን ብሎን ከሾርባ ውስጥ ሲለቅም።»

ለሙከራ የወጡት ስንዴው አረንጓዴ ሆኖ በሚዘናፈልበት ወራት፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው የአፈር መንገድ ላይ ነው። በግራ በኩል የተገጠመ ባዶ ጋሪ ወደ ግራ ሲታጠፉ ስለሚነሳ ዋሪክ በጆንያ ድንች ጫነበት። ኮሊን ቀጥታውን መንገድ እንደ ድሮው ነዳው። አዲሱን የኋላ መርገጫ በተረከዙ ሲጫን ማርሹ ገባለት። ወደ ግራ ሲዞር ግን ጆንያዎቹ ተንሸራተቱ፤ የጋሪው ጎማ ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ ተንሳፈፈ። ሜሪል አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ኮሊን መሪውን አቃንቶ ጎማውን ወደ መሬት መለሰውና ቆመ። ድንቹ መንገዱን ሞላው።

«ድንች ሞኝ ነው» አለ ዋሪክ እየሮጠ ደርሶ። «ሲታጠፉ አብሮ ዘንበል የሚል፣ የሚያስብ ክብደት ነው የሚያስፈልገው።» ሁለቱም ሜሪልን አዩ።

«እኔን ነው ክብደት የምትሉት?»

ሜሪል የቀረውን ጆንያ ጎትታ አወረደች፤ የዋሪክን የራስ ቁር ተቀብላ አጠለቀችና ጋሪው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ሜሪል፣ ግዴታ የለብሽም» አላት ኮሊን።

«አፍህን ዝጋና ንዳ። ስትታጠፍ ብቻ ንገረኝ።»

«ግራ!» ሲላት ወደ ግራ ተዘረጋች፤ ጎማው መሬቱን እንደያዘ ዞረ። «ቀኝ!» ሲላት ወደ እሱ ተጠጋች። ነፋሱ የስንዴና የባሕር ሽታ ይዞ ፊቷን መታው። እየፈራች ሳለ ሳቋ አመለጣት።

መንገዱ ከአስፋልቱ የሚገናኝበት ጋ ሲደርሱ ኮሊን ሞተሯን አጠፋ። መሪውን ግን አለቀቀም።

«ምነው፣ አመመህ?»

«የለም።» አለና ወደ አስፋልቱ ዞረ። «እግሬ አይደለም ያስቸገረኝ፣ ሜሪል። ከታመምኩ ጀምሮ ሁሉን ነገር እፈራለሁ። ደረጃ እፈራለሁ። መታጠቢያ ቤት እፈራለሁ። ልሸጣት ያልኩትም እንዳታውቂብኝ ነው።»

ሜሪል እጇን ዘርግታ ጉልበቱን ያዘችው። «ልንገራት አትልም ነበር? እኔም እኮ ሌሊት ትንፋሽህን ስቆጥር ነው የማድረው።»

አንድ የእህል መኪና በአስፋልቱ አለፈ።

«እንመለስ?» አላት።

«ባሕሩ ቅርብ አይደል እንዴ? ቀስ ብለህ ውሰደኝ።»

መንግሥት ያጸደቀው የተሽከርካሪ መርማሪ መጀመሪያ ጋሪው የኋላ መብራት የለውም ብሎ መለሳቸው፤ ዋሪክ ገጠመለት፤ በሁለተኛው ምርመራ ሰሌዳው ተሰጣቸው። አሁን እሑድ እሑድ ባሕር ዳር ያለችው ፖርት ሂዩዝ ድረስ ይሄዳሉ። በሥጋና በድንች የተሞላ ትኩስ ፓስቲ ገዝተው ወደ ባሕሩ የተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ላይ ሸርጣን የሚያጠምዱትን እያዩ ይበላሉ። ኮሊን ደረጃ ሲወርድ አሁንም ይፈራል፤ ሲፈራ ግን «ያዢኝ» ይላታል፣ እሷም ትይዘዋለች።