ጠጋ በይላት

ጋሽ ዳኛ ኮታቸውን ቆልፈው ሲጨርሱ ከታች አንድ ቁልፍ ትርፍ ሆነባቸው። ነካኩት፣ ሳብ ሳብ አደረጉት፤ ከዚያም ጥፋቱ የልብስ ሰፊው ነው በሚል ዓይን መምህርቷን ተመለከቷት።

«አንድ ቀዳዳ ጎድሏል» አሉ።

«ከላይ ዘለው ነው የጀመሩት፣ ጋሼ። እስቲ ቀና ይበሉልኝ።»

የውል ሕግ መምህርቷ እዚያው አዳራሹ በር ላይ የድሮ አስተማሪዋን ኮት ፈትታ እንደገና ትቆልፍላቸው ጀመር። አዲስ ተማሪዎች ግራና ቀኛቸውን እያዩ ባጠገባቸው ያልፋሉ። ሰውየው ጋሽ ዳኛ የተባሉት ወደ ማስተማር ከመምጣታቸው በፊት ችሎት ላይ ይቀመጡ ስለነበር ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ቢሆንም የሕግ ትምህርት ቤቱን ሠራተኞች ለአዲስ ተማሪዎች የማስተዋወቁን ሥራ ማንም ነክቶባቸው አያውቅም፤ እስከዚያ ቀን ጠዋት ድረስ።

ጠዋት ዲኑ ቢሮው አስጠርቷት ነበር። እሱም የእሷ ተማሪ የነበረ፣ እስከዛሬም ስትገባ ከወንበሩ ብድግ የሚል ሰው ነው።

«ፕሮጀክተሩ ተገጥሟል» አላት። «የሁሉም ፎቶና ማዕረግ ተዘጋጅቷል። እርስዎ ሪሞቱን እየተጫኑ ያስተዋውቃሉ። ለጋሽ ዳኛም እርስዎ ቢነግሩልኝ ይሻላል። ከእኔ ከሰሙ ይከፋቸዋል።»

«ከእኔ ሲሰሙ ሊስቁ ነው?»

«መምህር፣ እኔም እኮ እወዳቸዋለሁ። ያለፈው ጊዜ አንዱን ሰው ሁለቴ አስተዋወቁት። እንግዶቹ ሲጠቃቀሱባቸው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰው እንዲስቅባቸው አልፈልግም።»

ክፋት አልነበረበትም፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ አፏን ሞልታ መከራከር አቃታት። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተስማሙ። ጋሽ ዳኛ ይጀምራሉ፤ ከተሳሳቱ ግን እሷ ማይኩን ተቀብላ በስክሪኑ ትቀጥላለች፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው የእሳቸው መሆኑ ያበቃል። ቃል ገባችለት። ዕድሜዋን ሙሉ ውል ስታስተምር የኖረች ሰው ቃሏን ማጠፍ አይሆንላትም።

«ጋሼ» አለች አሁን የመጨረሻውን ቁልፍ እያስገባች፣ «ዛሬ ከደከመዎት እኔ…»

«ምን ሊያደክመኝ? ከንጋት ጀምሬ መስታወት ፊት ስለማመድ ነው የቆየሁት። ልጄ እንዲያውም ‹አባባ ብቻውን ያወራል› ብላ ለእህቷ ደውላለች።» ሳቁ። «በዓመት አንድ ቀን ነው እኔን የሚመስለኝ ሥራ የምሠራው። አንቺ ግቢ፣ ቦታሽን ያዢ።»

የቀረውን ሳትነግራቸው ገባች።

የዚህ ትምህርት ቤት አቀባበል እንደ ሌላው አይደለም። መምህራኑ መድረክ ላይ አይደረደሩም። አብዛኞቹ እዚሁ የተማሩ ስለሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አንደኛ ዓመት ሳሉ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ጋሽ ዳኛ ሲጠሯቸው ከመሃል ብድግ ይላሉ። ጋሽ ዳኛም ማዕረግ አይቆጥሩም፤ የተጠራው ሰው አንደኛ ዓመት ላይ የሠራውን ጉድ ይዘረግፉታል እንጂ።

የእሷ ቦታ መስኮቱ ጋ ነው፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ። አንደኛ ዓመት የገባች ዕለት ዘግይታ ደርሳ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ጋሽ ዳኛ ከመድረኩ ላይ ሆነው «አንቺ ልጅ፣ ምነው ቆምሽ? ቦታ አጣሽ?» አሏት። ከዚያም መስኮቱ ጋ ወደተቀመጠው ቀጭን ልጅ ዞረው «ጠጋ በልላት» አሉት። ልጁ ጠጋ አለላት። ሌላ ምንም የለም፤ ነገራቸው ሁሉ የተጀመረው በዚህ ነው። አብረው ተማሩ፣ አብረው አስተማሩ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ። የፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር «ይግባኝ!» እያለ ስለሚነሳ ጋሽ ዳኛ ይግባኝ ብለው ስም አወጡለት፤ ስሙም እንደተጣበቀበት ቀረ። ቤት ውስጥ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ዜና እያየ እሷ ስትመጣ «ልጠጋልሽ?» ይላት ነበር፤ ያውም ሳይጠጋ።

ይግባኝ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ባለፈው ዓመት አዳራሹ ሲታደስ አቀባበሉ ስለቀረ፣ ያለ እሱ እዚህ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ አግዳሚዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። እጇን በእንጨቱ ላይ ስታሳርፍ ናፈቃት። በሰው መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንዲህ አንጀቴን ይበላኛል ብላ አልጠበቀችም።

በእሱ ቦታ ላይ አንዲት አዲስ ተማሪ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ሰው የሚቀማት ይመስል እቅፍ አድርጋዋለች። መምህርቷ «ቦታው ተይዟል» ልትላት ከአፏ መለሰችው።

«ልጅዎን ሊያደርሱ መጥተው ነው?» አለቻት ተማሪዋ።

«አይደለም፣ ለራሴ ነው።»

ልጅቷ ግራ ገባት፤ ግን ጨዋ ናትና «ጎበዝ ነዎት» አለቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የውል ሕግ መምህርቷ ግን ክፉ ናት አሉ። ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። አንዳንድ ቀን ይብስባታል።»

ጋሽ ዳኛ ማይኩን ይዘው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ፈርታችኋል» አሉ። «ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ደግ አደረጋችሁ! እነዚህም ፈርተው ነው የመጡት። እዚያ ኋላ፣ ራሰ በራው፣ ተነስ! ይኼ ሕገ መንግሥት ያስተምራችኋል። አንደኛ ዓመት ላይ ሂሳብ አያያዝ ክፍል የገባ መስሎት ሳምንት ሙሉ እኔ ጋ ተቀምጧል። ‹ሂሳቡ የሚሠራው መቼ ነው?› ብሎ ሲጠይቀኝ ነው የነቃነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ራሰ በራው እጅ ነሳ። ባጠገቡ የነበሩት ልጆች አፋቸውን ያዙ፤ ቅድም ማስቲካ ሲያካፍሉት ነበር።

«ያ ከመድረኩ ጎን ሱፍ ለብሶ የቆመው ዲናችሁ ነው። ሕግ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው ከድንጋጤው ብዛት የአባቱን ስልክ ቁጥር ነገረኝ። ልክ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። ምን ላድርግ?»

ዲኑ ራሱ ሳቀ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ተነሳች፣ የመሬት ሕግ መምህሩ ተነሳ። ጋሽ ዳኛ አንድም ነገር አልተሳሳቱም። መምህርቷ ሪሞቱን የጨበጠው እጇ ላላ አለላት።

«አሁን ደግሞ» አሉ ጋሽ ዳኛ፣ ገና ሳይናገሩት እየሳቁ፣ «መስኮቱ ጋ፣ ሦስተኛው አግዳሚ። ወንጀል የሚያስተምራችሁ። ይግባኝ! ተነስ እንጂ!»

አዲሶቹ ተማሪዎች ለመሳቅ ተዘጋጅተው ዞሩ። ከመምህራኑ አንድም የሳቀ የለም። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ አንገቷን ደፋች።

«ይግባኝ!»

የጋሽ ዳኛ ጣት ወደ ልጅቷ ስለተቀሰረ፣ ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ተነሳች። ጋሽ ዳኛ አዩዋት። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ማይኩን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የት ሄደ?» አሉ። «እዚህ ነበር እኮ።»

ዲኑ ወደ መምህርቷ ዞሮ እጁን አነሳ። ፊቱ ላይ ሐዘን ነበር፤ ምልክቱ ግን ምልክት ነው። ቃል ገብታለች። ሪሞቱን ይዛ ተነሳች። ዝም ብሎ ወደ ፊት ሄዶ «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። እሷ ግን እዚያው እንደቆመች ቀረች።

ጋሽ ዳኛ ቆማ አዩዋት። ፊታቸው ፈታ አለ፤ አንድ የሚያውቁትን ነገር ያገኙ መሰለ።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ቆምሽ?» አሉ። «ቦታ አጣሽ?»

አዳራሹ ሁሉ እሷን ያያል፤ ዲኑም ያያታል።

«አዎ፣ ጋሼ» አለች። «ዘግይቼ ነው።»

«ችግር የለም፣ ሁሉም ይዘገያል።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ተቀመጪና ጠጋ በይላት።»

ልጅቷ ተቀመጠች፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችላት። መምህርቷ ባጠገቧ ተቀመጠች። ከመድረኩ ላይ ያ የምታውቀው ድምፅ፣ አሁን ረጋ ብሎ፣ «ይግባኝን ሲመጣ አስተዋውቃችኋለሁ። እንቀጥል» አለ። አንዳንድ ተማሪዎች ሳቁ፤ በክፋት አይደለም።

«ይግባኝ ማነው?» አለቻት ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ባለቤቴ ነው።»

ዲኑ እጁን ዳግመኛ አነሳ። አየችው፤ እንዳየችውም እንዲያውቅ ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ ሪሞቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን ዘጋች፣ እጆቿንም ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ ጋሽ ዳኛ እስኪጠሯት ጠበቀች።