ከለቅሶ ድንኳን የወጣ ግጥም

መጀመሪያ የሰማው የገዛ ድምፁን ነው። የቆሰበር ከተማ ጉም ደጃፉ ድረስ መጥቶ ተኝቷል፤ አጥሩ እንኳ አይታይም። ዓባይነህ ፊቱን ሊታጠብ ጀሪካኑን እንዳዘነበለ፣ ከጉሙ ውስጥ የራሱ ክራርና የራሱ ጉሮሮ እየቀረቡ መጡ። ገና ለሕዝብ ያልወጣ ዘፈን ነው። ውኃው በጣቶቹ መሐል ፈስሶ አለቀ።

ከዘፈኑ ኋላ ባጃጁ ብቅ አለ፤ ከባጃጁ ውስጥ ደግሞ የሾፌሩ፣ የጓደኛው የደረሰ፣ ጥርስ።

"አርቲስት! ውጣ እንጂ፣ ሕዝብህ መጣልህ!"

"ደረሰ፣ ይሄን ሰው ፊት ከፈትኸው?"

"መክፈት ብቻ! ትናንት አንዲት ሴትዮ ገበያዋን ትታ አብራኝ ስትዞር ዋለች።"

"ፍላሹን የሰጠሁህ እኮ በባጃጅ ስፒከር እንዴት እንደሚሰማ ንገረኝ ብዬ ነው።"

"ይኸው ነገርሁህ፤ ያስለቅሳል። ስድስቱ ዘፈኖች ግን፣ አትቀየመኝ፣ የቀበሌ ስብሰባ ይመስላሉ። ሰባተኛዋ ናት ዘፈን።"

ዓባይነህ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። እውነት ነዋ። ሁለት ዓመት ሙሉ ክራሩን ታቅፎ በአገሩ የተበላሸውን ሁሉ ሲጽፍ ኖሯል፤ የጤፉ ማሳ ለከሰል በሚተከል ዛፍ ስለመዋጡ፣ ዛፉም በተራው በበሽታ ስለመድረቁ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ድልድይ ላይ ተቀምጦ ስለሚውለው ወጣት። ሁሉም ልክ ነው፤ ግን እንጨት እንጨት ይላል። ደም ያለው ሰባተኛው ብቻ ነው። ደሙ ደግሞ የእሱ አይደለም።

አምና የምሥራች የምትባለው የአገሩ ልጅ ሬሳዋ ከአረብ አገር በሳጥን የመጣ ለት፣ እናቷ እማማ ሽታዬ ድንኳን ውስጥ ቆመው በአገውኛ ሙሾ አወረዱ። ዓባይነህ ጥግ ተቀምጦ ሰማ። ቤቱ ገብቶ ወደ አማርኛ መለሰው፣ ዜማ አበጀለት። በአገሩ ደንብ ሙሾ የሚያወርድ ሰው ምንም ቢል አይያዝበትም። ራሱን ይረግማል፣ ሟቹን ይወቅሳል፣ ገመናውን ይዘረግፋል፤ ድንኳኑ ሲነቀል ቃሉም አብሮ ይነቀላል፣ ማንም ይዞት ወደ ቤቱ አይገባም። ዓባይነህ ይህ ጠፍቶት አይደለም። መጀመሪያ ልጨርሰው፣ ከዚያ ሄጄ አስፈቅዳለሁ እያለ ወር በወር ላይ ደረበ እንጂ።

"ንዳው፣" አለ እጁን ሰዶ ዘፈኑን እያጠፋ። "እማማ ሽታዬ ቤት ውሰደኝ። ከሰው አፍ ሳይሰሙ።"

ቤቱ ወደ ጫግኒ ከሚወስደው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ ነው። እማማ ሽታዬ መሬት ተቀምጠው የዘር ድንች ይለያሉ። ደረሰ ከነባጃጁ ደጅ ቀረ።

"አንተ አዝማሪ፣ ምን እግር ጣለህ?" አሉ። "ግባ፤ ድንቹን ግን እንዳትረግጥብኝ።"

ተንበርክኮ አብሯቸው መለየት ጀመረ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ተፈታ።

"እማማ፣ አንድ በደል በድዬዎታለሁ።"

ነገራቸው። ስልኩን አውጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አሰማቸው። እጃቸው ድንቹ ላይ እየሠራ አዳመጡ፤ አንዲት ቦታ ሲደርስ ግን እጃቸው ቆመ።

አልሄድም ስትለኝ ምሰሶ ታቅፋ፣
ጣቷን የፈታሁት እኔ ነኝ በተስፋ።

"ይሄን ያልሁት እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት። በአገውኛ ነበር።"

"የዚያን ቀን አፌ የኔ አልነበረም።" አንዱን ድንች አገላብጠው አዩት። "እውነት ግን ነው።"

ዓባይነህ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

"የልጄ ስም መነሳቱን አልጠላም፣" አሉ። "ሌላዋ እናት ሰምታ ትማር ይሆናል። ዝፈነው። ያቺን ስንኝ ግን አውጣልኝ።"

"እማማ፣ ያቺ ስንኝ እኮ..."

"ታናሿ ሜላት አታውቅም። በለቅሶው ቀን ራሷን ስታ ጎረቤት ነው የዋለችው። ቅሪ ብዬ እየለመንኋት እህትሽ እምቢ ብላ ሄደች ብያታለሁ። በዚያች ቃል ነው ሁለታችን አንድ ጣሪያ ሥር የምናድር። ከሷ ሌላ ማን አለኝ?"

ሊስማማ ይገባው ነበር፤ ግን ከውስጡ ሌላ ነገር ቀድሞ ወጣ። "ያቺ ከወጣች ዘፈኑ ይሞታል።"

"ይሙታ! ለዘፈን ድንኳን አይጣልለትም።"

ጆሮው ድረስ ጋለ። "እሺ። ዛሬውኑ አወጣታለሁ።"

"በማርያም?"

"በማርያም።"

እማማ ሽታዬ ወደ ድንቻቸው ተመለሱ። "እስቲ ይሄን ተመልከት፣ የበሰበሰውን ከደህናው ቀላቅለኸዋል! እንዲህ ሆነህ ነው ስለ ገበሬ የምትዘፍን?"

ዓባይነህ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ከደጅ ክራር ተሰማ።

ለካ ፍላሹን ባጃጁ ላይ ትቶታል። ድንቹን እየረጋገጠ ወጣ። ሜላት የደብተር ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ባጃጁ አጠገብ ቆማለች፤ መምህር ቀርቶ በጊዜ ተለቅቀው ኖሯል። ደረሰ ለደግ አስቦ፣ "ነይ፣ የእህትሽን ዘፈን ስሚ፣ አገር እያለቀሰላት ነው" ብሎ ከፍ አድርጎ ከፍቶላታል። ዓባይነህ ደርሶ ፍላሹን ነቀለ። ስንኟ ግን አልፋ ነበር።

"ምን ሆነሃል? እየሰማች እኮ ነው!" አለ ደረሰ።

ሜላት ዓባይነህን አየችው። "የማን ቃል ነው?"

"የኔ ነው፣" አለ። "ዘፈን አይደል፣ እንዲያው ለቤት መምቻ የፈጠርሁት..."

እሷ ግን እሱን ማየት ትታለች። ከኋላው እናቷ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው።

"ሜላትዬ፣" አሉ ከነጠላው ሥር።

ልጅቱ በአጠገባቸው አልፋ ገባች። ውስጥ የልብስ ሳጥን ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ። ደረሰ አንዴ ዓባይነህን፣ አንዴ በሩን ያያል፤ ቀልዱ ሁሉ አልቆበታል።

ስትወጣ የትምህርት ቤት ሹራቧን አውልቃለች፤ በእጇ ትንሽ ፌስታል ይዛለች። እማማ ሽታዬ አፈር የነካውን እጃቸውን ወደሷ ዘረጉ፤ ሊይዟት ግን አልደፈሩም፤ መልሰው ሰበሰቡት።

"ላድርስሽ?" አለ ደረሰ ቀስ ብሎ።

ከአስፋልቱ በኩል ጉሙ ውስጥ የሚኒባስ ረዳት "ጫግኒ! ጫግኒ! አንድ ሰው!" ይላል። ሜላት ሳትሮጥ፣ ዞር ሳትል ሄደች። ሚኒባሱ ቆመላት። ገባች፤ በሩም ተዘጋ።