ግላዲስ ወደ ኋላ ስትሄድ

ሐኪሙ ኦርቫልን «ግራ ዓይንህ ሥራውን ጨርሷል፤ ከእንግዲህ መሪ የሚባል ነገር እንዳትጨብጥ» ያለው ቀን፣ አሜሪካ፣ ኔብራስካ ያለው ቤታቸው ለቅሶ ቤት መሰለ። ያዘኑት ለዓይኑ እንዳይመስላችሁ። ለግላዲስ ነው። ግላዲስ ሰው አይደለችም፤ አልጋና ምድጃ፣ ሽንት ቤትም ሳይቀር ያላት፣ አውቶቡስ የምታክል ቤት-መኪና ናት። ኦርቫልና ሚስቱ ዊልማ በየበጋው እሷ ላይ ተሳፍረው ያልረገጡት ብሔራዊ ፓርክ የለም ማለት ይቻላል።

ልጃቸው ጃኔል ነገሩን በአጭሩ ልትቀጨው ፈለገች። «በቃ፣ ትሸጣለቻ» አለች እራት ላይ።

«ማን ነው የሚሸጣት?» አለች ዊልማ። «እኔ እነዳታለሁ።»

ኦርቫል የጎረሰው ትን አለው። «ማንን? ግላዲስን?»

«ሌላ የደበቅካት አለች እንዴ?»

«ዊልማ፣ አንቺ እኮ የሣር ማጨጃውን ከአጥሩ ጋር ያላተምሽ ሰው ነሽ!»

«አጥሩ ነው የመጣብኝ» አለችና ሥጋዋን መቁረጥ ቀጠለች።

ቀልድ አልነበረም። ዊልማ የምትፈራው ሌላ ነገር ነው። ግላዲስ ከተሸጠች በጋው ሁሉ ኦርቫል ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቶ ሲነጫነጭ፣ እሷም እዚያው አጠገቡ ስታረጅ ታያት። ያንን ከማየት አጥር ብትገጭ ይሻላታል። ጃኔልም ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አንድ ቀን ስልክ ተደውሎ መርዶ እንዳትሰማ ነው የምትሰጋው። ስለዚህ ተደራደሩ። ጃኔልና መንትያ ሴት ልጆቿ አብረው ይሄዳሉ፣ ጉዞው ግሌሸር ፓርክ ላይ ያበቃል፣ እዚያም ዊልማ ግላዲስን ራሷ ወደ ኋላ ነድታ፣ ምንም ሳትነካ ቦታዋ ታስገባታለች። የነካች እንደሆነ ግን ግላዲስ ትሸጣለች። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተመታቱ።

ወደ ኋላ የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ወደ ፊትማ ማንም ይነዳል። ካምፕ ውስጥ ግን ቦታው በሁለት ዛፎች መካከል ያለች ጠባብ ጉሮሮ ናት፤ መግቢያውም በጀርባ ነው። ስለዚህ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ወርዶ ከኋላ እየቆመ በእጁ ይመራል። የሚነዳው ባል ነው፤ ጭቃ ውስጥ የሚቆመውና የሚሰደበው ሚስት። ሳይጨቃጨቁ መኪናቸውን ያስገቡ ባልና ሚስት ካሉ ወይ ሙሽሮች ናቸው ወይ ተኳርፈዋል። ዊልማም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከግላዲስ ኋላ ቆማ እጇን ስታወናጭፍ ኖራለች።

የመጀመሪያው ጉድ የደረሰው ባድላንድስ ፓርክ ላይ ነው። ዊልማ ቀኑን ሙሉ ሸጋ አድርጋ ነድታ ካምፑ ደረሰች። ቦታዋ ፊት ቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋ፣ የእጅ ፍሬኑን ብቻ ስባ፣ ከሠላሳ ዓመት ልማዷ የተነሣ በሩን ከፍታ ወረደች። ወደ ኋላ ዞራ ቦታዋን ያዘች፣ ሁለት እጇንም አነሣች። ኦርቫል ደግሞ በሌላው በር ወርዶ እዚያው ቆሟል፤ እሱም እጁን አንሥቷል። ባልና ሚስት ከግላዲስ ኋላ ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተስ?»

«እየመራሁ ነዋ!»

«ማንን?»

ጃኔል በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ይሄን ነገር ማን ነው የያዘው?» ብላ ስትጮህ፣ ጎረቤት ድንኳን ያሉ ሰዎች በሣቅ ፈረሱ። ዊልማ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ደግነቱ ፊት ለፊት ገብቶ ፊት ለፊት የሚወጣበት ሰፊ ቦታ ተገኘና ያን ቀን ወደ ኋላ ሳትነዳ ዳነች።

ከዚያ በኋላ ዊልማ ዘዴኛ ሆነች። የሎውስቶን ፓርክ ላይም እንደዚያው ያለ ቦታ ለመነች፤ በየነዳጅ ማደያው ዳር ዳሩን ይዛ ቆመች። ጉዞው ግን እንዴት ደስ ይል ነበር! አንድ ጎሽ መንገድ መሐል ተገትሮ አልንቀሳቀስም አለና መኪናው ሁሉ ከኋላቸው ተሰለፈ። መንትዮቹ «አያቴ፣ ጥሩንባ ንፊበት!» ቢሏት «የሰው አገር መጥቼ በባለቤቱ ላይ ልንፋ?» አለቻቸው። ጎሹ ሲበቃው ሄደ። ኦርቫልም በቀኝ ወንበሩ ተቀምጦ ፍል ውኃው፣ ተራራው፣ ወንዙ ምንም ሳያመልጠው አየ። ሁልጊዜ መንገድ መንገዱን ሲያይ ነው የኖረው። «ይሄ ሁሉ ነገር ድሮም እዚህ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ዊልማ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ጃኔል ግን የእናቷን ተንኮል ነቅታበታለች። ሳንድዊች እየቀባች «እማ» አለች፣ «እስካሁን አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልነዳሽም።»

«አላስፈለገም።»

«ግሌሸር ያስፈልጋል። የያዝነውን ቦታ አይቼዋለሁ።»

ዊልማ «እናያለን» አለችና ሳንድዊቿን ሳትጨርስ ወደ መሪዋ ተመለሰች።

ግሌሸር ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና ትሞቅ ነበር። ቦታው እንደተባለው ነው፤ በስተግራ ትልቅ ድንጋይ፣ በስተቀኝ ጉቶ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ እቅፍ የማይሞላው ጥድ። ቤት-መኪና ወደ ኋላ ሲገባ ማየት ለካምፕ ሰው ከቴሌቪዥን ይበልጣል። ጎረቤቱ ሁሉ ታጣፊ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ቢራውን ይዞ ተሰየመ። ባሎቹ አገጫቸውን እያሻሹ፣ ሚስቶቹ ዝም ብለው።

ዊልማ መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና የኋላ ማርሽ አስገባች። ላብ በላብ ሆናለች። በግራ ስፖኪዮ ኦርቫልን አየችው፤ ሁለት እጁን እንደ ንፋስ ወፍጮ ያሽከረክራል።

«ነይ! ነይ! ነይ! ወደዚህ!»

«ወደዚህ ማለት ወዴት ነው?»

«ወደማሳይሽ!»

«እጅህ ሁለት ነው፣ የቱን ልይ?»

«ትክክለኛውን!»

ወንበር ላይ ካሉት አንዱ ቢራው በአፍንጫው ወጣ። ዊልማ ግን ከንፈሯን ነክሳ መሪዋን ትንሽ ሰበረች፣ መለሰች፣ እንደገና ሰበረች። ድንጋዩ አለፈ። ጉቶው ለጥቂት አለፈ። ከኋላዋ መንትዮቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀምጠዋል፤ ጃኔልም ጥፍሯን ትበላለች። ትንሽ ነው የቀራት።

ኦርቫል ከስፖኪዮው ጠፋ።

ዊልማ ፍሬን ያዘች። በቀኙም አየች፤ የለም።

«ይልቀቁት እማማ!» አለ ባለ ቢራው ሰውዬ። «ገና ዝሆን ያስገባል!»

«ነይ እንጂ!» የሚል የኦርቫል ድምፅም ከሆነ ቦታ መጣ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ዊልማ የእጅ ፍሬኑን ሳበችና ሞተሩን ጭራሽ አጠፋችው።

«እማ፣ ምን ሆንሽ? ደርሰሽ የለም እንዴ!» አለች ጃኔል።

«አባትሽ የለም።»

«የት ይሄዳል? ከኋላ ነዋ፣ ድምፁን እየሰማሽ!»

«ካላየሁት የለም» አለችና ወረደች።

ኦርቫል በጥዱና በግላዲስ መካከል ተንበርክኮ፣ ጎማው የሚያርፍበት ላይ ያለች ድንጋይ በእጁ እየነቀለ ነበር። ቀና ብሎ ሲያያት ተቆጣ። «ምን ነካሽ አንቺ! ይሄ ሁሉ ቦታ እያለ ለምን ቆምሽ?»

«ስላላየሁህ።»

ሊመልስላት ተነሣ። ከጀርባው የጥዱ ቅርፊት ሸሚዙን ነካው። ዞሮ ዛፉን አየ፣ ከዚያ የግላዲስን ጀርባ አየ። በመካከላቸው ያለው ቦታ እሱ ራሱ የቆመበት ብቻ ነው። ድንጋይዋን ከእጁ ጣለ።

«ውጣና ስፖኪዮዬ ውስጥ ቁም» አለችው ዊልማ።

«እሺ» አለ። መኪና ሲገባ «እሺ» ሲል ሰምታው አታውቅም።

ተመልሳ መኪናዋ ላይ ወጣች። አሁን ኦርቫል ስፖኪዮው መሐል እንደ ጅብራ ተገትሮ አንድ እጁን ብቻ፣ ቀስ አድርጎ ያሳያታል። ግላዲስ እየተንፏቀቀች ሄደች፣ ሄደች፣ ከጥዱ ፊት ቆመች። ምንም አልነካችም። ከየወንበሩ ጭብጨባው ፈነዳ። መንትዮቹ አልጋው ላይ ወጥተው ዘለሉ፤ ጃኔልም የእናቷን አንገት አንቃ ሳመቻት።

«በቃ፣ አትሸጥም! ተሸነፍኩ!» እያለች ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትሥቃለች።

«እሰይ!» አለች ዊልማ። «እሰይ የኔ ልጅ!» ወረደችና ለተመልካቹ እጅ ነሣች። ደስታ ልቧን ሊያፈነዳው ነው። ባሏን በዓይኗ ፈለገችው።

ኦርቫል አላጨበጨበም። ጥዱ ሥር ቆሞ በዛፉና በመኪናዋ መካከል ያለችውን ክፍተት በክንዱ ይለካል።

«ዊልማ» አላት።

«ወዬ።»

«እኔ አንቺን ከስፖኪዮ ሳጣሽ… ቆሜ አውቃለሁ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ቀኑ የደስታ ቀን ነው፤ ሰውዬውንም ትወደዋለች። ግን ዋሽታ የምታድነው ነገር አልታያትም። «አታውቅም» አለችው።

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

«ታዲያ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እዘል ነበራ!» አለችና ሣቋ አመለጣት። ኦርቫል አልሣቀም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እጮህ ነበር እኮ፣ ኦርቫል። ‹ምን ያስጮህሻል፣ ሰው እያየን ነው› ትለኝ ነበር።»

ኦርቫል ከጥዱ ሥር ወጣ። ከዚያ መጥቶ ሁለት እጇን ያዘና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሲመራት በነበረበት ድምፅ ጮክ ብሎ «ይቅር በይኝ!» አላት።

በየታጣፊ ወንበሩ የተቀመጡት ሚስቶች አንድ በአንድ ዞረው ባሎቻቸውን አዩ። ዝሆን ያስገባል ያለው ሰውዬም ቢራውን መሬት አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።