ወንፈል ዛሪማ የወረደ ዕለት

ሳጥኑን ወንፈል ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ወንድሜ ላቀው ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም ስም ሰጥቶት ነበር፤ እኔ ግን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ስም አፌ አይገባም። ደግሞ ወንፈል ነው። ውስጡ የደብተር ያህል አራት ካርዶች ተሰክተዋል፤ አንዱ የትምህርት ቤቱን ኢንተርኔት ይይዛል፣ አንዱ የጤና ጣቢያውን፣ አንዱ የቀበሌውን፣ አንዱ የውሃ ቢሮውን። መብራት የሚያገኙት ከአንድ ቦታ ነው። አንዱ ቢታመም ሌሎቹ ሥራውን ይካፈሉለታል፤ እሱን እንደ መሳቢያ ስቦ አውጥቶ ሌላ መሰካት ነው። ሙሉ ዕቃ ግዙ፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ወር ጠብቁ የለም።

አካሉ ከተጣለ የፋይል ቁም ሳጥን ቆርቆሮ ነው፤ ካርዶቹ የሚንሸራተቱበት ደግሞ የመስኮት አሉሚኒየም ቁራጭ። ላቀው ያስባል፣ እኔ እበይዳለሁ። እሱ ማሰብ ሲጀምር ቶሎ ስለማይጨርስ እኔ ብዙ ሻይ እጠጣለሁ።

ሁለት ዓመት የሠራንበት የደባርቅ ሼድ ሊወሰድብን ነበር። የሰጠን መሥሪያ ቤት «ውጤት ያላሳየ ይልቀቅ» ብሎ ለብሎኬት አምራቾች ሊያስተላልፈው ቀን ቆረጠ። አንድ ዕድል ቀረን፦ ወንፈል ቆላ ወርዶ ዛሪማ ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አራቱንም ቤቶች ሳያቋርጥ ካገለገለ ሼዱ የእኛ ነው። ካቋረጠ ሰኞ ቁልፍ እናስረክባለን። ላቀው ከዚያ ሼድ በቀር መድረሻ የለውም። እኔም የለኝም፤ ግን እኔ አፍ አለኝ፣ እሱ አፍም የለው።

መጋቢት ነው። ከደባርቅ ገና ሳይነጋ ጋቢ ተከናንበን ተሳፈርን። ሊማሊሞን ስንወርድ ጋቢው ከራሳችን ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ጉልበት ወረደ። ያኔ ባስብ ምን ነበረበት!

ሳጥኑን ጤና ጣቢያው ውስጥ ተከልነው። የጣቢያው ነርስ ሲስተር አገርነሽ ጋቢያችንን አይታ ሳቀች።

«እናንተ ደገኞች! ጋቢ ይዞ ዛሪማ?»

«ለእርስዎ ያመጣነው ነው ሲስተር፤ ብርድ ሲመጣ።»

«እዚህ ብርድ የሚመጣው በሬዲዮ ዜና ነው።»

ከመሥሪያ ቤቱ ሊመዝነን የተላከው አቶ ቴዎፍሎስ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በባርኔጣው ያራግባል። እስከ አምስት ሰዓት የአራቱም አረንጓዴ መብራት በራ። ላቀው ፈገግ ሲል ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አንዱ ጠፋ።

«ላቄ፣ ትምህርት ቤቱ ሞተ።»

«አልሞተም። ሌሎቹ ተካፈሉለት። ይኸው፣ መስመሩ አልተቋረጠም!»

«ጥሩ ነው» አለ አቶ ቴዎፍሎስ፣ ጻፈም። ላቀው በኩራት መለዋወጫውን ካርድ ሰካ። ሃያ ደቂቃ ሠራና እሱም ጠፋ። ቀጥሎ የቀበሌው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

ሳጥኑን ብነካው እጄን ለበለበኝ። ከጎኑ የሆነ ነገር እየተንጠባጠበ ነው። ሰም! የደባርቅ ጉም እንዳይገባበት ቀዳዳውን ሁሉ በሰም የደፈንነው እኛው ነን። ማራገቢያም የለውም። ላቀው ሥዕሉ ላይ አስገብቶት ነበር፤ «ደባርቅ ራሷ ማራገቢያ አይደለች እንዴ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ስቆ ሰረዘው፣ ዋጋውም ቀነሰልን። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንፈትነው ጠዋት ጠዋት እጃችንን የምናሞቀው በእሱ ነበር። ደግ ነገር መስሎን።

ክዳኑን ነቅለን በካርቶን ማራገብ ጀመርን። የሚገባውም አየር ትኩስ ነው። ላቀው ክትባት ወደሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ሮጠ።

«ሲስተር፣ ትንሽ በረዶ! በእመቤታችን!»

«የሕፃናቱ ክትባት ነው፤ አልነካውም። እኔንም አትለምነኝ።»

«ሕይወቴ ነው እኮ!»

«የእነሱም።»

ባዶ እጁን ተመለሰ፣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

ከዚያ ነው የገባኝ። የሚገድላቸው መካፈሉ ነው። አንዱ ሲወድቅ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይጫናል፣ የተጫነባቸው የበለጠ ይግላሉ፣ እነሱም ይወድቃሉ። ሁለቱን አውጥቼ፣ መካፈሉን ዘግቼ፣ በቀሩት ሁለቱ መካከል ባዶ ቦታ ብተው ይተነፍሳሉ።

«ካወጣሽው ፈተናው አለቀ!» ላቀው እጄን ያዘ። «አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀረው። ምናልባት ይደርሳል።»

«ምናልባትህ እየተቃጠለ ነው።»

«ባንቻየሁ፣ እባክሽ።»

በሙሉ ስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ባንቹ ነው የሚለኝ። ተውኩት። ቆመን አየነው። የቀበሌው ጠፋ። የውሃ ቢሮው መብራት ወደ ቀይ ሲዞር እጄን ከእጁ አላቅቄ ሁለቱን የሞቱ ካርዶች መዘዝ አደረግኋቸው፤ መካፈሉን ዘግቼ የቀሩትን አራራቅኋቸው። ቀስ በቀስ ሁለቱም ወደ አረንጓዴ ተመለሱ። ላቀው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አራት ነበር የተባለው» አለ አቶ ቴዎፍሎስ።

«ሁለቱ እኮ ይሠራሉ! ማራገቢያ ብቻ ብንጨምርበት፣ በሳምንት ውስጥ...»

«ልጄ፣ እኔ የተላክሁት የሆነውን ልጽፍ ነው።» ፊቱ አዝኗል፤ እስክሪብቶው ግን አላዘነም።

ሲስተር አገርነሽ «ይቺ የምትሠራዋ ትቀመጥልን» አለች። ሳጥኑን ተውንላት፤ ይዘነው ብንመለስ የት እናኖረዋለን?

ሊማሊሞን ስንወጣ ላቀው የተቃጠሉትን ካርዶች አምጪ አለኝ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከመስኮቱ በታች ገደሉ።

«ምን ልታደርጋቸው?»

«አምጪ አልኩሽ።»

«መጀመሪያ አንተን ነው የምወረውርህ።» በጋቢዬ ጠቅልዬ አቀፍኋቸው።

ሰኞ ቁልፉን ያስረከብኩት እኔ ነኝ፤ ላቀው ከአልጋው አልተነሣም። የብሎኬቱ ሰውዬ አሸዋውን ከነመኪናው ደጅ አቁሞ ይጠብቃል። የምንሠራበትን ጠረጴዛ ብቻዬን እየጎተትኩ አወጣሁት። ሰውዬው በሩን ዘጋ። እስከ ቤት የሚሸከምልኝ ስላጣሁ ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።