በሬ እስኪመጣ

የባሌ አባት አቶ ዳበሳ ውሸት አይናገሩም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እሳቸውን ለማመስገን አይደለም፤ የዚያን ዓመት ጣጣችን ሁሉ የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እነሱ ከወለጋ የመጡ ናቸው፣ በወጋቸው ምራት የአማቶቿን ስም አትጠራም። የባሏን ወንድም ስም አትጠራም፣ የባሏንም አትጠራም። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ሰው ስም የሚወጣለት ሊጠራበት ነው። ግን ባምባሲ አጠገብ ወዳለው እርሻቸው በገባሁ በሳምንቱ የባሌ እናት ወጉን አስተማሩኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ያዝኩት። አሁን ስማቸውን የምጠራው እናንተ ግራ እንዳትጋቡ ብቻ ነው። ባይሰሙኝ ደስ ይለኛል።

አማቴ ቡሴ ይባላሉ፤ እኔ አዮ ነው የምላቸው፣ እናቴ እንደማለት ነው። አባትየውን ደግሞ አባ። ባሌ ሌንጂሳ የበኩር ልጃቸው ነው። ታናሹ ቦዔዝ ነው፣ የእሱ ሚስት ቃናኒ ናት። ልጆቼን ጨምሮ ሁላችንም ከአንድ ምድጃ ነበር የምንበላው። አዮ ሁሉም ከቦ ካልተቀመጠ እህል አይቀምሱም። አንድ ሰው ከጎደለ ጣባው ላይ ክዳን ገጥመው ይጠብቃሉ፣ እኛም አብረን እንራባለን።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ያሉት ቢሮዎች ሁሉም ሰሌዳ ሰቅለዋል፣ ወንበሩ ግን በተራ ነው እየተባለ ይወራ ነበር። በዚያ ዓመት ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ገባና ሁለቱንም በሬዎቻችንን ጨረሰብን። ዝናቡ ሊጥል ነው፤ መሬቱ ጦም ካደረ እኛም ጦም ማደራችን ነው። እንዲህ ጨንቆን ሳለ በሬ ላለቀበት ሰው በሬ ሊታደል ነው ተባለ። ለአንድ አባወራ አንድ በሬ።

አንድ በሬ ምን ይሠራል? ሰው ሁሉ ዜናውን እንደሰማ ከወንድሙ ወይ ከአማቹ ጋር በሬ ሊያቀናጅ ተነጋገረ። አባ ግን መጀመሪያ ልጸልይበት አሉ። እሳቸው ጸልየው እስኪነሡ መንደሩ ሁሉ ተጣምሮ አልቆ ነበር።

ያኔ ባሌ፣ ሁለት አባወራ ነን ብንል ሁለት በሬ እናገኛለን የሚል ሐሳብ አመጣ። አባ ውሸት ነው ብለው ቆረጡት። ከዚያ ሲያሰላስሉ ዋሉ። አመሻሽ ላይ ሁላችንንም ጠሩና፣ ውሸት እንዳይሆን አንድ መንገድ አለ አሉ።

«እንለያይ» አሉ። «ከልባችን።»

በሬው እስኪመጣ ቦዔዝ ጎጆ ይወጣል። የራሱ ቤት፣ የራሱ እሳት። ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ የሚሻገር እህል የለም፤ ከተሻገረ አንድ ቤት ነን ማለት ነው፣ ሁለት ነን ማለታችንም ውሸት ይሆናል። በሬዎቹ ሲመጡ እንታረቃለን፣ መታረቅ ኃጢአት አይደለም አሉ። ጠብ ሳይኖር እንዴት እንደሚታረቅ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የራሴን ምድጃ ስመኝ የኖርኩት እኔ! እንጨት ስማግድ «ቀንሺው» የማይለኝ፣ ጨው ስጨምር ከኋላዬ የማይቆም፣ የራሴ ምድጃ። ጎጆ መውጣት ካለ ተራው የኔ አልነበረም? ቃናኒ ገብታ ገና ድስታችንን እንኳ በወጉ አልተዋወቀችም። ቅጥል ብዬ ለባሌ ነገርኩት። «በሬው እስኪመጣ እኮ ነው» አለኝ፣ ተኛ።

ከበቆሎው ማሳ ወዲያ በቀርከሃ ጎጆ ቀለሱላቸው። ዕቃ ተከፈለ። አዮ ደህናውን ድስት ለቃናኒ ሰጥተው የተሰነጠቀውን ለእኛ አስቀሩ። ዶሮዎቹም ተከፈሉ፣ ግን ስብሰባው ላይ ስላልነበሩ ማታ ማታ ሁሉም ወደ ዱሮ ቆጣቸው ይመለሳሉ፣ ቃናኒም እየመጣች የድርሻዋን ትለቅማለች። በነገሩ የተጠቀመ ውሻው ብቻ ነው። እዚያም በላ፣ እዚህም በላ፣ ወፈረ።

አዮ መብላት ተዉ። ማለቴ፣ ይቀመጣሉ፣ ያጎርሱናል፣ እሳቸው ግን ቀና ብለው ማሳው ማዶ ያለውን ጭስ ያያሉ። ጭሱ ከበዛ እንጨቷ እርጥብ ነው ይላሉ። ከጠፋ ደግሞ ምን በልተው ሊያድሩ ነው ይላሉ። ዓይኔ እያየ ከሱ። በቃናኒ ቀናሁ ስል የነበርኩት ሴትዮ፣ እሷ የምትቀመጥበትን ዱካ ወደ ጥግ ገፋሁት፤ ባዶውን ማየት አቃተኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አዮ የበቆሎ ገንፎ በጣባ አድርገው፣ ኑግ አፍስሰውበት፣ ነጠላቸው ስር ሸሽገው በማሳው መሐል ሹልክ አሉ። እኔ አይቻቸው እንደሆነ ዞር ብለው አዩኝ። ወደ እሳቱ ዞርኩ። በማግስቱ ሲደክማቸው እኔ አደረስኩ። አባ ደጃፍ ላይ ሆነው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያነባሉ፤ አይተው አላየሁም ማለት ስለማይችሉ፣ ከቤት ስንወጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር።

በሬ መጣ ሲሉን ሳይመጣ፣ አባወራውን የሚያጣራው ሰው መጣ ሲሉን ሳይመጣ ቆየ። በመጨረሻ የመጣው ወንዶቹ ሁሉ አባን ጨምሮ ከወንዙ ማዶ ሊመነጥሩ በሄዱበት ቀን ነው። ኻሚስ ይባላል፣ የሆሞሻ ሰው ነው፣ አፍ የፈታው በበርታ ቋንቋ ነው፤ ረጋ ያለ ሰው። የእኛን ቤት አይቶ ወደ ቃናኒ ጎጆ ሲሄድ ተከትዬው ሮጥኩ።

«ይሄ ቤት የማን ነው?» አላት።

ቃናኒ አንገቷን ደፋች። የባሏን ስም እንዴት ትጥራ? ወደ እኔ ዞረ። እኔስ የባሌን ወንድም ስም እንዴት ልጥራ?

«የሰው ቤት ነው» አልኩት።

ኻሚስ፣ ሰውየው ስም አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። አለው አልነው። ማን ነው አለ። እርስ በርሳችን ተያየን።

«እኔ ጭስ ሁለት አየሁ» አለ። «አባወራ ግን አላየሁም። አባወራ የለውም ቤት፣ በሬ የለውም።» ይህን ብሎ ሊሄድ ተነሣ።

በሬው ሄደ ማለት ነው። እርሻው ሄደ ማለት ነው። ወይ ጉዴ አልኩ፣ ምን ቆርጦኝ ነው እኔ የወሎ ልጅ በሰው ወግ ታንቄ ልጆቼን የማስርበው? ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት አዮ ከበቆሎው መሐል ብቅ አሉ። ነጠላቸው ከሆዳቸው ላይ ጉብ ብሏል፣ ከስሩ እንፋሎት ይወጣል። ከእኛ ውስጥ ያን ስም መጥራት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ኻሚስ በአክብሮት ሰላም ብሏቸው ያንኑ ጠየቀ።

አዮ ጎጆዋን አዩ።

«የልጄ ነው» አሉ። «የቦዔዝ።»

«ከእናንተ ይበላል?»

«አይበላም» አሉ። «ከእኔ ቤት ወጥቷል። የራሱ ቤት አለው።»

ኻሚስ ነጠላውን አየ፣ እንፋሎቱን አየ፣ አላህ ያብጅላችሁ ብሎ ሄደ። አዮ ገንፎውን ለቃናኒ አልሰጡም። ይዘውት ተመለሱና ለውሻው ደፉለት። አይበላም ብያለሁ እንግዲህ አሉኝ፣ እጃቸውን እየታጠቡ።

በሬዎቹ መጡ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፤ ተቀናጁ፣ መሬቱ ታረሰ፣ ዘሩ ገባ። አባ በዚያው ዕለት ዕርቅ ነው ብለው ሁላችንንም ሰበሰቡ። ዱካውን ከጥጉ አምጥቼ ቃናኒን አስቀመጥኳት። ጸሎት ተደረገ፣ ተበላ፣ ተሳቀ። ቦዔዝ ቃናኒ ገንፎ ያሳረረችበትን ቀን ሲያወራ ሞትን በሳቅ። ከተለያየን ወዲህ አዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጎርሱ አየኋቸው።

ከዚያ ቃናኒ ዶሮዎቹን ላስገባ ብላ ተነሣች። ቦዔዝም ተነሣ።

«በሉ እንግዲህ» አለ፣ «እኛም ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ክፋት የለበትም። ያለውን ራሱም የሰማው አይመስለኝም። አባ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ቤትህ ይሄ ነው ሊሉት ነበር፤ ግን ውሸት ሆነባቸው መሰለኝ፣ መልሰው ዘጉት።

አዮ እስከ ደጅ ሸኟቸው። «ነገም ኑ» አሏቸው።

ለገዛ ልጅ ኑ ይባላል? ለእንግዳ ነው የሚባለው። ባሌን፣ አንተ ያመጣኸው ሐሳብ ነው ብዬ አፈር ድሜ አስጋጥኩትና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ምድጃውን ከአዮ ጋር የምካፈል አሁን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንጨት ስማግድ ቀንሺው የሚል ድምፅም ያን ማታ አልሰማሁም።

በማግስቱ አዮ ገንፎ በጣባ አድርገው ነጠላቸው ስር ሲሸሽጉ አገኘኋቸው። ክልከላው ቀርቷል እኮ፣ በግልጥ ይዘውት ይሂዱ አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

ሸፍነውት ወጡ። አባ ደጃፍ ላይ እያነበቡ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።