ሞጣ የተቀበረ የቢቸና እትብት

ሲሃም አብዱሰመድ ትዕግሥቷን የጨረሰችው ቢቸና ላይ ነበር፤ ሞጣ ስትደርስ የቀራት እልህ ብቻ ነው።

ለእልሁም ምክንያት ነበረው። ባሕር ዳር ካለው ቤተ ሙከራዋ ሆና፣ የሰውነት መከላከያዋ በገዛ አካሏ ላይ የዘመተባትን አንዲት ነፍሰ ጡር ስትፈልግ ዓመት አልፏታል። እንዲህ ያለች ሴት፣ ያውም የልጇን እትብት ለምርምር የምትፈቅድ፣ እንደ ልብ አትገኝም። በመጨረሻ የተገኘችው ታንጉት የቢቸና ልጅ ናት፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች አብጠው ሊጥ ማቡካት ካቃታት ሰንብቷል። ያን ዕለት ማለዳ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ችግሩ ታንጉት አልነበረችም፤ ችግሩ በማዋለጃው ክፍል በር ላይ መቋሚያቸውን ተክለው የቆሙት እናቷ፣ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ነበሩ።

«እትብት እኮ አገር ነው ልጄ» አሏት። «ሰው አገርህ ወዴት ነው ሲባል እትብቴ የተቀበረበት ይላል። ይኸ ልጅ ምን ሊል ነው? ጠርሙስ ውስጥ ሊል ነው?»

«እማሆይ፣ ልጁ እንብርት ላይ የቀረው ጫፍ ደርቆ ይወድቃል። እሱን ይቅበሩታል። እኔ የምፈልገው የተረፈውን ነው።»

«የተረፈው ሜዳ ይጣል ነበር ያለሽ ማነው? ከእንግዴ ልጁ ጋር ጓሮ ይገባል።»

ሲሃም በዚያ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ማስረዳት ያዘች። በእትብቱ ውስጥ ካለው ዝልግልግ ነገር መካከል ስትሮማል የሚባሉ ደጋፊ ሕዋሳት አሉ። ጠባያቸው የሽማግሌ ነው፤ ሰላም ሳለ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። የጠብ ሽታ ሲደርሳቸው ግን ተከድኖ የኖረ ገጽ ይገልጣሉ፣ ያነበቡትንም ወደ ውጭ ይልካሉ፣ የተቆጣውም ሠራዊት ይበርዳል። መጽሐፉ፣ ማለትም ዘረመሉ፣ በሁሉም ሕዋስ ውስጥ አለ። ጥያቄው እናቱ በእንዲህ ያለ በሽታ በተያዘች ልጅ እትብት ውስጥ ያ ገጽ ይነበባል ወይስ እንደ ተከደነ ይቀራል የሚለው ነው።

«መጽሐፉ ካለ ለምን አይነበብም?» አሉ እማሆይ።

«እሱን ለማወቅ ነው የምለፋው።»

«ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የቅኔ መምህር ነበር። መጽሐፉ ሁሉ ነበረው። መነጽር ነው ያጣው።»

ከውስጥ የታንጉት ድምፅ መጣ፤ «እማዬ፣ ይተዉአት። ትውሰደው።»

ሲሃም የስምምነቱን ቃል ለታንጉት አነበበችላት። ሐሳብሽን በቀየርሽ ጊዜ ሁሉ መከልከል ትችያለሽ የሚለውን አንቀጽ፣ የዳዊት ደጋሚ የለመደውን መዝሙር እንደሚያነበንበው፣ ያለ እስትንፋስ አለፈችው። አዋላጁ እዮብ እትብቱን በመድኃኒት አጥቦ፣ ሐምራዊ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ከቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ሰጣት። በበረዶ ሣጥን ታሽጎ እስከ ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ከገባ ሕዋሳቱ በሕይወት ይኖራሉ። ከዘገየ ወይም ከሞቀ ግን የዓመቱ ፍለጋ ከንቱ ነው።

ወደ ሞጣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ በየመንደሩ ቆመ። አንድ ቦታ ፍየል ለመጫን፣ ሌላ ቦታ የተጫነችው ፍየል የማን እንደሆነች ለመከራከር። ሞጣ ሲደርሱ የሣጥኑ በረዶ ውኃ ሆኗል። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መኪና ረዳት «ሞላ፣ ሞላ» እያለ ይጮኻል፤ ውስጡ ግን ከሹፌሩ በቀር ሰው የለም። ሲሃም የሞጣ ልጅ ናትና ይህን ውሸት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ገባች፤ ሣጥኑን እዚያው ትታ የቀለጡትን የበረዶ ከረጢቶች ብቻ አውጥታ፣ ፋርማሲ ወዳላት ጓደኛዋ ወደ ሳብሪያ ሮጠች፣ በአዲስ በረዶ ለመለወጥ።

ስትመለስ ሣጥኑን ከፈተች። በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አገኘች። ጠርሙስ የለም።

«እማ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውስ?»

እናቷ ዘሚራ እጇን እየታጠበች ነበር። «ቀበርኩት» አለች።

«ምን አደረግሽው?»

«ስንቅ ላኑርልሽ ብዬ ብከፍተው የሰው እትብት። አምጬ የወለድኩ ሴት ነኝ፤ አይቼ አጣዋለሁ? ኧረ ለመሆኑ የሰው አካል እንደ ቅቤ ቅል በመኪና ይንከራተታል?»

«ጠርሙሱንስ? ከጠርሙሱ አወጣሽው?»

«ከነጠርሙሱ ነው። ክዳኑን አልነካሁም። የሰው ገመና አላይም።»

ሲሃም በዚያች ቃል ተንፈስ አለች። ክዳኑ ካልተነካ አፈር አልገባም፤ አፈር ካልገባ ገና ተስፋ አለ። ዶማውን ከግድግዳው አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ዘሚራ ቀደመቻትና ከኮኩ ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ከተጫነበት ትኩስ አፈር ላይ ቆመች።

«የተቀበረ አይወጣም» አለች።

«እማ፣ ሬሳ አይደለም። ሕያው ነው።»

የዘሚራ ፊት ተለወጠ። «ሕያው ነገር ቀበርሽ ነው የምትይኝ?»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም…»

«ሕያው ከሆነማ ጭራሽ ባለቤት አለው። ባለቤቱን ጠይቂ።»

አባቷ አብዱሰመድ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በጓሮው በር ብቅ አለ። ሲሃም ወደ እሱ ዞረች። «አባ፣ አንተ ፍረድ።»

«እኔ ጨርቅ ነው የምለካው» አለ፤ ሚስቱን አየት አድርጎ። «ደውይ።»

ኔትወርኩ እንደ ልማዱ እምቢ አለ። ግቢውን ሁለቴ ዞራ፣ በመጨረሻ ከኮኩ ዛፍ ጎን ካለው ሽንት ቤት አጠገብ ተያዘላት፤ ድምፅ ማጉያውን ከፈተች። የታንጉትን ስልክ ላነሡት ለእማሆይ የሆነውን ሁሉ ስትናገር ጆሮዋ ድረስ ጋላት፤ ዓመት የተፈለገውን አደራ ለማንም ሳትናገር ትታ የሄደችው እሷው ናት።

«መሬት ውስጥ ነው ያልሽኝ?» አሉ እማሆይ። «በወግ?»

ዘሚራ አላስቻላትም። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ «በወግ ነው እማሆይ። ከኮክ ዛፍ ሥር። ውሻ እንዳይደርስበት ድንጋይ ጭኜበታለሁ» አለች።

«እግዚአብሔር ያክብርዎ። ዛሬ ገና ልቤ ዐረፈ። እንግዲህ ይተዉት።»

ሕዋሳት ጠብን እንዴት እንደሚያበርዱ ስታጠና የኖረችው ሴት፣ እርቅ እንዲህ አንጀት የሚያሳርር ነገር ሊሆን እንደሚችል አስባ አታውቅም። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን የሚለያያቸው፣ ተያይተው የማያውቁ ሁለት ባልቴቶች፣ እሷን ለመቃወም ሲሆን ከዐይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ተግባቡ። እናቷ ለዐስር ሶላት እስክትገባ ጠብቃ መቆፈር ትችላለች። ሐሳቡ መጣላት፤ እጇም በዶማው እጀታ ላይ ጠበቀ። ግን ጠዋት በጥድፊያ ያለፈችው አንቀጽ ትዝ አላት።

«እማሆይ፣ ታንጉትን ያቅርቡልኝ።»

«ተኝታለች።»

«ይቀስቅሱልኝ። የሷ ነው፤ የእርስዎም የኔም አይደለም።»

የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፣ ቀጥሎ የታንጉት ድካም ያለበት ድምፅ። ሲሃም ሁሉንም ነገረቻት። በዚህ ጊዜ ያችን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል፣ በዝግታ አለቻት፤ «መከልከል ትችያለሽ። ከከለከልሽ ዶማውን አስቀምጣለሁ።» ብላም ዐይኗን ጨፈነች።



«ልጁን ልታቀፍ ብል ጣቴ አልታጠፍ አለኝ» አለች ታንጉት። «እማዬ ናቸው ጡቴ ላይ የያዙልኝ። ይኸ ምርምር ለኔ እንደማይደርስ ነግረሽኛል፤ አልረሳሁትም። አውጪው። ያ ገጽ ይነበብ እንደሆን እይና ንገሪኝ።»

ዘሚራ ከአፈሩ ላይ ወረደች። ድንጋዩንም ወደ ጎን አንከባለለች፤ ሲሃም ዶማውን ስታነሣ ግን ነጠቀቻት። «አንቺ ትሰብሪዋለሽ» አለችና ራሷ በጥንቃቄ ቆፈረች።

ጠርሙሱ ወጣ። ክዳኑ ጭቃ ቢይዝም እንደታሸገ ነው፤ ፈሳሹም አልደፈረሰም። ሲሃም መዳፏን አሳረፈችበት። የሞጣ አፈር፣ በረዶው ከቀለጠበት ሣጥን ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ጠብቆታል። ይህን ለእናቷ አልነገረቻትም፤ ብትነግራት ዕድሜ ልኳን ስትሰማው ትኖራለች።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። «የሚተርፈውስ?» አሉ እማሆይ። «ወደ ቢቸና ይመለሳል አይደል?»

«አንዴ እዚህ ተቀብሯል እኮ እማሆይ» አለች ዘሚራ።

«ልጁ የቢቸና ነው፤ እዚያ ምን ሊያደርግ?»

«ቦታው ታውቆለታል ብዬ ነው።»

ሲሃም ስልኩን ለእናቷ ትታ ጠርሙሱን አጠበች፣ በበረዶ አሸገች፣ የአባቷን ስልክ ተውሳ ሣጥኑን ታቅፋ ወጣች። ሁለቱ ሴቶች ከኋላዋ ይከራከራሉ።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ አሁንም «ሞላ» ይላል፤ አሁን እውነቱን ነው፣ የቀረው አንድ ወንበር ነው። «ሣጥኑ ከላይ ይጫን» አላት።

«አይጫንም።»

«እንቁላል ነው?»

«አዎ» አለችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ከሞጣ እንደወጡ የአባቷ ስልክ ጠራ። እናቷ ናት።

«ከእማሆይ ጋር አልተስማማንም» አለች ዘሚራ። «ጉድጓዱን ግን አልደፈንኩትም።»

«እማ፣ መጀመሪያ ሕዋሳቱ ይደጉ።»

«ይደጉ። ቀስ ብለሽ ያዢው ብዬ ነው» አለች ዘሚራ፣ ዘጋችውም።

ሲሃም ሁለት እጇን የሣጥኑ ክዳን ላይ አኖረች። ሚኒባሱ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ መንገድ ዳር አንድ ሰውዬ ፍየል ይዞ ቆሟል።