የጁምዓዋ ጠብታ

ፋዲላን ዓይኗን የመታት የባህር ዛፍ ጭራሮ ነው። ኪዳነ ምሕረት ቁልቁለት ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ቅጠል ስትለቅም፣ አንዷ የጎተተችው ቅርንጫፍ አምልጧት የልጄን ግራ ዓይን ገረፈው። ያ እንጨት ነዶ ይለቅ! ዓይኗ ቀላ፣ አበጠ፣ ብሌኗ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ።

ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ብልቃጥ ሰጠኝና፣ «ጠብታው በየሰዓቱ ነው። ሳይቋረጥ ከተደረገላት ዓይኗ ይተርፋል፤ ከተቋረጠ ግን ኋላ እኔ ጋ መጥተሽ እንዳታለቅሺ» አለኝ። ምን ዓይነት አፍ ነው! ግን እውነቱን ነበር።

ጊዜው ሰማንያ ዓመተ ምህረት፣ ረመዳን ነው። ትልቁን ልጄን ሙዘይንን መገናኛ ላይ አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል፤ ከረን ነው ከሚል ወሬ በቀር ድምፁ የለም። ፋዲላ ደግሞ በወንድሟ የመጣ በዓይኗ መጣ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ «እማ፣ አንድ ቀን ሳላጎድል ከጾምኩ አላህ ሙዜን ይመልስልናል» ብላ ተነሳች። አሞሻልና ተይ ብላት እሳት የላሰች ናት፣ አትሰማም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብዬ ሳቅኩባት። አንጀቴ ግን አብሯት ይለምን ነበር።

የጠብታውን ነገር ሼህ አብዱልናስርን ጠየቅኳቸው። «ዓይን አፍ አይደለም፤ ጾም አያፈርስም። ደግሞም ልጅ ናት፣ ግዴታ የለባትም» አሉኝ። ይህንኑ ነገርኳት። «እሺ» አለች። እሺ የሚል ልጅ እንደሚያስፈራ ማን በነገረኝ!

ቀን ቀን እኔ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስሸጥ ጠብታውን የምታደርግላት ጎረቤቴ አሳየች ናት። ክርስቲያን ናት፤ ሬዲዮኗን ከፍታ ሰዓት ትጠብቃለች፣ አታዛባም። «ከፈለግሽ ጠበልም አመጣላታለሁ» ትለኛለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ልታስጠምቂብኝ ነው?» እላታለሁ፤ እንስቃለን። ማታ ተራው የኔ ነው። ከመግሪብ በኋላ፣ ጾም ሲፈታ፣ ፋዲላ ራሷ መጥታ ጭኔ ላይ ትንጋለላለች፣ ዓይኗን በልጥጣ ትጠብቃለች። «ቀን ግን ጠብ ሳደርግላት ፊቷን አዙራ ትተኛብኛለች፤ እኔን ታፍረኛለች መሰለኝ» አለችኝ አሳየች።

ዓይኗ ባሰበት። ነጩ ነጥብ ሰፋ። አንድ ጁምዓ ገበያውን ትቼ ቀረሁና ራሴ ጠብታውን አደረግኩላት። ወዲያው ፊቷን አዙራ፣ ዓይኗን ጨምቃ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው!

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እማ፣ ይወርዳል እኮ። ጉሮሮዬ ውስጥ ይመራል። የመረረኝን ከዋጥኩ ምኑን ጾምኩት?»

«ሼሁ ያሉትስ?»

«ሼሁ ጠብታውን አልቀመሱትማ!»

ደሜ ፈላ። ያ ረቢ፣ ስንት ቀን ስትጠርገው ከርማለች! ጉልበቶቼ መሃል አጣብቄ፣ ሁለት እጇን በአንድ እጄ ይዤ፣ የዓይኗን ቆብ ገልጬ ጠብ አደረግኩባት። «እማ ተይኝ! ሙዜን! ሙዜን!» እያለች ጮኸች። አልለቀቅኳትም። ጉሮሮዋ ሲውጥ አየሁት።

ሐኪሙ ጋ ይዣት ስሮጥ መሽቶብናል። ብሌኗ ተበስቷል፣ ይህ ዓይን ከእንግዲህ አያይም አለኝ። እሱ ፊትማ አላለቀስኩም። ደጅ ወጥቼ ግን መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

የዒድ ዕለት ገመዳ የሚባል ወታደር በክራንች እያነከሰ ቤታችን መጣ። ቆስሎ ወደ አዲስ አበባ የተላከ፣ የልጄ ጓደኛ ነው። ገና ሲያየኝ አንገቱን ደፋ፤ ያኔ አወቅኩ። «እትዬ መብሩካ፣ ሙዘይን እጄ ላይ ነው ያረፈው። እኔው ነኝ የቀበርኩት» አለ። ጩኸቴን ሰምታ አሳየች ደረቷን እየደቃች ገባች።

ልጁ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። ወላሂ፣ ክፋት የለውም። «እናንተ ዘንድ በጾም፣ በጁምዓ ቀን መሞት መታደል ነው ይባል የለ? እሱም ጁምዓ ነው ያረፈው። ባለፈው ሳይሆን በፊተኛው ጁምዓ» አለኝ።

ፋዲላ ጥግ ቆማ ነበር። በደህናው ዓይኗ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እማ፣ የዋጥኩባት ጁምዓ ናት» አለች።

አይደለም የኔ ልጅ፣ የአላህ ውሳኔ ነው አልኳት። ሼህ አብዱልናስርም ለቅሶ ሲደርሱ አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ እጇን ይዘው አስረዷት። «እሺ» አለቻቸው።

በማግስቱ ቂጣ በሻይ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም።

«ጾመኛ ነኝ።»

«ዒድ አልፎ ምን ጾም አለ ልጄ?»

«ያቺን ጁምዓ ቀዷ እያወጣሁ ነው። የጎደለ ቀን በኋላ ይከፈላል ብለሽኝ የለ? እና ከከፈልኩት...»

ወደ በሩ አየች። ገመዳ በእጁ ቀብሮታል እኮ ልላት ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። የሷን ዓይን ላልቅስ ወይስ የሱን ነፍስ? ቂጣውን ከድኜ አስቀመጥኩት። ሐኪሙ ለቁስሉ ጠብታውን ቀጥይ ብሎኝ ነበር፤ ብልቃጡ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። እስከ መግሪብ አልነካሁትም። እኔም አብሬያት ጾምኩ።